የዋሁ ትል ማደሪያ

ጠዋት ፊቴን ከመታጠቤ በፊት የበጓን ዐይን አያለሁ። አውራ ጣቴን ከታችኛው የዐይን ቆቧ ሥር አድርጌ ቀስ ብዬ ወደ ታች እስበዋለሁ፤ ውስጡ ያለውን እርጥብ ሥጋ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ካርድ ጋር አስተያያለሁ። ካርዱ ላይ አምስት ቀለም አለ። የላይኛው የበሰለ ቲማቲም ይመስላል፣ የታችኛው ወረቀት ነው። በጓ ከመሃል ዝቅ፣ ከወረቀቱ ከፍ ብላ መዋል አለባት። ብትቀላም ችግር ነው፣ ብትነጣም ችግር ነው። «ሮዝ» እላለሁ ጮክ ብዬ። ግድግዳው ይሰማና በጓን ለሰጠኝ የምርምር ተቋም ያስተላልፋል። ከዚያ ፊቴን እታጠባለሁ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ ዘጠነኛ ፎቅ። በጓ የምታድረው መኝታ ቤት፣ እኔ የማድረው ሳሎን። ይህን የሚሰሙ ሰዎች ይስቃሉ፤ ይሳቁ። ተቋሙ ሲመርጠኝ የጠየቀኝ ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ በረንዳዬ ላይ ሣር እንዳለና ቀለም መለየት እንደምችል። ሣር የለኝም። ቀለም ግን ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበት ሥራ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የቀለም ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ፋብሪካው ድሮ ብርድ ልብስ ይሠራ ነበር፤ ብርዱ ከሄደ ወዲህ የጥላ ጨርቅ ነው የሚሠራው። አንዱ ጥቅል ከሌላው ትንሽ ከፈዘዘ እመልሰው ነበር። በዚህ ምክንያት እዚያ ቤት ብዙ ወዳጅ አላፈራሁም።

ብርዱ ሲሄድ ትሉ መጣ። ቆላ የለመደው ደም መጣጭ በየዓመቱ ዳገቱን እየወጣ መንዝ ገባ። በበግ ሆድ ውስጥ ይቀመጥና ደም ይጠጣል፤ ሌላ ሥራ የለውም። መድኃኒት ነበረው። ሰው መድኃኒቱን ለታመመውም ላልታመመውም በግ በየጊዜው ሲያጠጣ ኖረ፤ የሚሞተው ትል ሞተ፣ የማይሞተው ተረፈና ወለደ። ዛሬ መድኃኒት ቤት ገብተው የበግ ኪኒን ቢጠይቁ ሻጩ የሚቀልዱበት ይመስለዋል። ገበሬው ይህን የተረፈውን ትል «አልሞት ባይ» ይለዋል።

እኔ ቤት ያለው ግን የድሮው ነው፤ መድኃኒት የሚገድለው፣ ዘሩ ያልተበረዘ። ተቋሙ በወረቀት ላይ ረጅም ስም ሰጥቶታል። እኛ አሳዳሪዎቹ «የዋሁ» እንለዋለን። በጓ «ማደሪያ» ትባላለች። እኔ በጓን አሳድራለሁ፣ በጓ ትሉን ታሳድራለች።

የሚሞት ትል ምን ያደርጋል የሚል ሰው አይጠፋም፤ እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። የዋሁ ተራብቶ ግጦሽ ላይ ይለቀቃል፣ ከአልሞት ባዩ ጋር ይዳቀላል፣ ልጆቻቸው እንደገና መሞት ይችላሉ። ያኔ መድኃኒቱም እንደገና መድኃኒት ይሆናል። እስከዚያ ድረስ የዋሁን በሕይወት ማቆየት ያስፈልጋል። ተቋሙ በራሱ ግቢ ሞክሮት ነበር፤ አልሞት ባዩ በጫማም በሣርም እየገባ ሁለት ጊዜ በረዘበት። በማቀዝቀዣ የተቀመጡት ደግሞ መብራት በጠፋበት ሳምንት አለቁ። በመጨረሻ አንድ ሰው፣ ሣር የማይደርስበት ቦታ የት ነው ብሎ ጠየቀ። ፎቅ ላይ።

ደንቡም ከዚህ የመጣ ነው። እንቁላሉ ከበጓ ጋር አይቆይም፤ በፍጓ ይወጣል፣ ይፈለፈላል፣ ትሉ እርጥብ ሣር ላይ ይወጣና የሚግጠውን አፍ ይጠብቃል። ስለዚህ ሣር እኛ ፎቅ ላይ ክልክል ነው። በጓ ከተቋሙ መኖ በቀር አትበላም። ፍጓ በከረጢት ታስሮ ኮሪደሩ ላይ ይቀመጣል፣ መኪናው መጥቶ ይወስደዋል። መድኃኒት የሚባል ነገር ቤቴ አይገባም፤ ራሴን ሲያመኝ እንኳ ምድር ቤት ወርጄ ነው የምውጠው። ስም ማውጣትም ክልክል ነው።

ስሙን ያወጡላት ጋሽ ያፌት ናቸው። ከኮሪደሩ ማዶ የሚኖሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ሰባዎቹን ያጋመሱ ሰው ናቸው። ያፌት፣ ኪሩቤል፣ ናታን የሚባል ሁሉ እንግዲህ ሽማግሌ ሆኗል። በደጉ ጊዜ በግ ነጋዴ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት በሬ ላይ ቆመው «እሜቴ እንዴት አደሩ?» ይላሉ፤ እኔን አይደለም። በጓ ጆሮዋን ታቆማለች። እኔ «ኧረ ጋሽ ያፌት፣ ግድግዳው ይሰማል» እላለሁ። «ይስማ፣ እሱም ሰላምታ ይልመድ» ይላሉ።

እኚሁ ሰው በረንዳቸው ላይ በሳጥን ሣር ያበቅላሉ። ስጠይቃቸው «ሣር አይደለም፣ ገብስ ነው» አሉኝ። ሣር ነው። ያውም በዚህ ከተማ አይቼ የማላውቀው አረንጓዴ። «ምን ያደርግልዎታል?» ብላቸው «ለዓይኔ ነው» አሉ። ዘሩ ከሱቅ የተገዛ ነው፤ በጓም እሳቸው ቤት አትሄድ። አለፍኩት። በጨርቅ ላይ እንጂ በሰው ላይ ያን ያህል አልጨክንም።

እህቴ እትዬ ቃልኪዳን መንዝ ናት። እሁድ እሁድ ትደውላለች፣ ወሬዋም ያው በግ ነው።

«ዛሬም አንዲት ወደቀችብኝ» ትለኛለች። «አገጯ ሥር ውኃ ቋጥራ፣ ከረጢት አንጠልጥላ ሰነበተች። ጠዋት ስሄድ ተኝታለች። ልብ አድርጊ ሶሲ፣ ጆሮዋን ስይዘው ብርድ ነው።»

«መድኃኒት አልሞከራችሁም?»

«የምኑን? ውኃ ብሰጣት ይሻላል፣ ውኃ እንኳ ጥም ይቆርጣል። ይልቅ ትልሽን መቼ ነው የምትልኪልኝ? የሰው እህት ስኳር ትልካለች፣ የእኔ እህት ትል ብትልክልኝ ምን አለበት!»

ትስቃለች። ሳቋ እያጠረ ሲመጣ ግን ይሰማኛል። ከመንጋዋ የቀረው እፍኝ የሚሞላ አይደለም፤ ከበግ በቀር ደግሞ ሌላ ኑሮ አታውቅም፣ መሬቱ ገብስ መስጠት ካቆመ ቆይቷል። የዋሁ መጀመሪያ የሚለቀቀው በእሷ ቀበሌ ግጦሽ ላይ እንዲሆን ተወስኗል። ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲይዝ። እኔም ይህን ብዬ ነው በጓን የተቀበልኩት። በግ ወዳድ ሆኜ አይደለም።

ግንቦት እንደገባ በጓ ነጣች። በአንድ ጠዋት የሆነ አይደለም፤ ሮዙ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየለቀቀ ሄደ። ለሌላ ሰው አይታየውም ነበር። እኔ አይቼ «ነጣ ያለ» አልኩ፣ በማግሥቱም «ነጣ ያለ»፣ ከዚያ «ነጭ»። መኖዋን ታሸትተዋለች እንጂ አትነካውም። ስትነሳ የኋላ እግሯ ይንቀጠቀጣል።

ዶክተር ተዋበች መጣች። ከተቋሙ ማደሪያዎችን የምትከታተለው እሷ ናት፤ ልጅ ናት፣ የዛሬ ልጆች የጥንት ስም ነው የሚወጣላቸው። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፣ የበጓን ዐይን አየች፣ ልቧን አዳመጠች።

«ልትሞት ነው?» አልኳት።

«እስከ ሰኔ እንድትቆይልን ነው የምንፈልገው፣ እትዬ ሶስና።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

«በዚህ ከቀጠለች አዎ፣ ትሞታለች። የብረት ሽሮፕ አምጥቻለሁ። የተቀቀለ ባቄላም ይሞክሩላት።»

«ትንሽ መድኃኒት ብትሰጪያትስ? ሁሉንም ባይሆን፣ ቀነስ እንዲል ብቻ።»

ራሷን ነቀነቀች። «በትንሹ ብንሰጥ ደካማው ይሞትና ጠንካራው ይቀራል። የቀረው ደግሞ ይወልዳል። እዚህ የደረስነው እኮ እንደዚያ በትንሽ በትንሹ ነው።»

«እሺ ትሉን ወደ ሌላ ማደሪያ አዛውሪው።»

«ወደ የትኛው?» አለች። ከዚያ ወለሉን እያየች ነገረችኝ። አራተኛ ብሎክ ላይ የነበሩት ሰውዬ በጋቸው አየር ያግኝ ብለው መናፈሻ ይዘውት ወርደዋል፤ ሦስት ጉንጭ ሣር በልቶ ተበርዟል። የሌሎቹም ታሪክ ከዚህ አይርቅም፤ አንዷ ሞታለች፣ አንዷ ተበርዛለች። የቀረችው ይህቺ ናት። ሣር ሳይነኩ የሚያድጉ ጠቦቶች ተጀምረዋል፣ ግን ለመስከረም ነው የሚደርሱት።

ዶክተሯ ስትወጣ በጓ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆማ ነበር። ሽሮፑን በመርፌ ቱቦ ወደ አፏ ጨመርኩ። ዋጠች። ታዛዥ ናት። ታዛዥነቷ አናደደኝ።

ወሬው በአሳንሰሩ ወረደና ሕንፃው ሁሉ ሰማ። እኛ ሰፈር ሰው ሲታመም መጠየቅ ግዴታ ነው፤ በግ ስትታመም ምን እንደሚደረግ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ስለዚህ እንደ ሰው አደረጓት። ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ ገቡ፣ ሶፋው ላይ ተደረደሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንዴት ናት ዛሬ?» አሉ፣ «እግዜር ይማራት» አሉ። ብርቱካን ይዘው መጡ። ለእሷ አይሰጥም ስላቸው «እንግዲያው አንቺ ብዪው፣ አስታማሚም ይደክማል» እያሉ ጥለውት ሄዱ። ብርቱካን እስኪሰለቸኝ ድረስ በላሁ።

ጋሽ ያፌት ዘግይተው መጡ። ኮት ለብሰው ነበር፤ ኮት የሚለብሱት ለቀብርና ለጥየቃ ነው። «እስቲ ሻይ አፍይልኝ፣ እኔ ከእሜቴ ጋር ልጫወት» አሉኝ። ሻዩን ይዤ ስመለስ አጠገቧ ተንበርክከው አገጯን እያሹ ነበር። ጠጡ፣ ተነሱ፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ባዶ እጄን አልመጣሁም» አሉ።

ጸሎት ያደረጉላት መሰለኝ። አመሰገንኳቸው።

ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ጠዋት የዐይን ቆቧን ስስብ ቀለሙ አልገባኝም። መጋረጃውን ከፈትኩ። ከዚያ ዘጋሁና መብራት አበራሁ። እጄን ታጥቤ እንደገና አየሁ። ቀልቷል። ገና ቲማቲም አይደለም፣ ግን ከሮዝ ወደ ላይ ወጥቷል። ግድግዳው እየጠበቀኝ ነው። «ሮዝ» አልኩት። በሥራ ዘመኔ ቀለም ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

ከፍጓ ወስጄ ተቋሙ የሰጠኝ ቆጣሪ ላይ አደረግሁ። ዘወትር የእንቁላል ቁጥር ነው የሚያወጣው። ያን ጠዋት «ባዶ» አለ። ቆጣሪውን አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ሌላ ፍግ ጨመርኩ። ባዶ። በጓ ከኋላዬ መጥታ የመኖውን ባልዲ በጭንቅላቷ ገፋችው። ርቧት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ርቧት ነው።

ኮሪደሩን ተሻግሬ አንኳኳሁ።

«ጋሽ ያፌት፣ ለበጓ ምን ሰጧት?»

ፊታቸው በራ። «ተሻላት አይደል?»

«ምን ሰጧት?»

«ኧረ ምንም የማይረባ ነገር ነው!» አሉ፣ ኩራታቸውን መደበቅ አቅቷቸው። «ንግዱን ስተው የተረፈችኝ ኪኒን ነበረች፣ ሻንጣ ውስጥ። ይኸው ስንት ዘመን ማንንም አታድንም፣ ማንንም አትጎዳም። ይዣት መጣሁና አጎረስኳት። በሽተኛ ቤት ባዶ እጅ ይገባል እንዴ?»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ሳቅ ነው። ከዚያ ሳቁ ተበላሸብኝና በራቸው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። መድኃኒቱ በዚህ አገር ያሉ በጎች ሁሉ ሆድ ውስጥ ገብቶ ምንም አይሠራም። መሞት የሚያውቅ ትል የቀረው እኔ መኝታ ቤት ውስጥ ብቻ ነበር፤ እሳቸውም ኪኒኗን ይዘው በቀጥታ እዚያ ገቡ። እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ቀስ በቀስ ገባቸው።

«ገደልኩት?»

«ገደሉት።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ ጋሽ ያፌት።»

የጫማ መደርደሪያው ላይ ተቀመጡ። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስንቱን በግ ሸጫለሁ፣ ስንቱን አሳርጃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አንዲት በግ አድኜ አላውቅም ነበር።»

ዶክተር ተዋበች የዚያኑ ዕለት መጣች። የራሷን ቆጣሪ ይዛ ነበር፤ እሱም ባዶ አለ። ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ጉልበቷን አቀፈች፣ ልጅነቷ ያኔ ታየኝ። ጋሽ ያፌትን ልትከስ ትችል ነበር፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቀችኝም። በጓ ቦርሳዋን አሸተተች፣ ማሰሪያውን ማኘክ ጀመረች።

«ጤነኛ በግ ተቋሙ አይዝም» አለች ዶክተሯ። «በእርስዎ ስም ትዛወራለች። ነፃ ናት።»

«ነፃ ማለት?»

«እንደ ማንኛዋም በግ። ይልቅ ከማንኛዋም የተሻለች ናት፤ በዞኑ ውስጥ ሆዷ ንጹሕ የሆነ በግ አሁን እሷ ብቻ ናት።» ካርዱን ከግድግዳው አውርዳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። «ይህ ከእንግዲህ አያስፈልግዎትም። ለመንዝ ሰዎች ደብዳቤ እጽፋለሁ።»

«ለእህቴ እኔ እነግራታለሁ» አልኩ።

አልነገርኳትም። በጓ ስትድን ምን እንደምትመስል እያየሁ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ትሮጣለች፤ ጫፉ ድረስ ትሄድና ተንሸራታ ትዞራለች፣ በጋሽ ያፌት በር ላይ በግንባሯ ትደበድባለች። ድምፅ አወጣች። እኔ ቤት በኖረችበት ጊዜ ሁሉ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር፤ ወፍራም፣ የማያፍር ድምፅ ነው፣ ስድስተኛ ፎቅ ይሰማል። ጎረቤቶች በአሳንሰሩ ውስጥ «እንኳን ማረልሽ» አሉኝ። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ደስታዬ ለእህቴ ከማዝነው ይበልጥ ነበር፤ ስለዚህ እሁድ ስልኩ ሲጮኽ አላነሳሁትም።

በማግሥቱ ጋሽ ያፌት አንድ ጭብጥ ሣር ይዘው መጡ። የተቆረጠው ገና አሁን ነው፣ ውኃው ይንጠባጠባል።

«አሁን ደንብ የለም አይደል?» አሉ። «እሜቴ ሣር ሳታውቅ ልታረጅ ነው እንዴ! ደግሞ ከሰው አይደለም፣ የራሷ ነው። ያበቀለው የራሷ ፍግ ነው።»

«የራሷ ፍግ?»

«ከረጢቱ ኮሪደሩ ላይ ውሎ አያድር? ከጥር ጀምሮ ዘገን ዘገን እያደረግኩ… አትቆጪኝ እንግዲህ። ይኸው እንዴት አድርጎ እንዳበቀለው እዪ።»

በጓ መጣች። አንገቷን ሰገግ አድርጋ አፍንጫዋን ወደ እጃቸው ላከች።

«አትስጧት!» አልኩ። ጩኸቴ እኔኑ አስደነገጠኝ። ሣሩን ከእጃቸው ነጥቄ ወደ ላይ ያዝኩት።

ጋሽ ያፌት አዩኝ። እሳቸውም እንደ እኔ ወዲያው ገባቸው፤ ፍግ፣ እንቁላል፣ እርጥብ ሣር፣ አፍ። ኪኒኗን ያጎረሷት በግንቦት ነው። ሣሩ ላይ ያለው ከጥር ጀምሮ የተጠራቀመ ነው። የዋሁ አልሞተም። ጋሽ ያፌት በረንዳ ላይ፣ በየሣሩ ጫፍ ተቀምጦ እየጠበቀ ነው።

«ይህን ሣር ማን ያውቃል?» አልኳቸው።

«እኔና አንቺ።»

ሁለታችንም ወደ በጓ አላየንም። አንድ ጠርሙስ በረኪና ሳጥኑ ላይ ቢደፋ ነገሩ አለቀ። በጓም በኮሪደሩ ላይ እየሮጠች ታረጃለች። ይህን በደንብ አሰብኩት፤ በረኪናው የት እንዳለም አውቃለሁ፣ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ነው። ያኔ ስልኩ ጮኸ። እትዬ ናት። ለምን እንዳነሳሁት አላውቅም።

«ምነው ጠፋሽ ሶሲ? እኛ ደመና ደምኖልናል። ግጦሹን አጥረን ከሰው ከከብቱ ለይተን ይዘነዋል። ለትልሽ ቦታ አሰናድተናል ስልሽ! ድግስ እኮ ነው የሚመስለው።»

«በጎቹስ?»

«ያቺ ቡላዋ ነበረች፣ መንታ የምትወልደው» አለች። «ትናንት ወደቀች። አሁን የቀሩት እንደምንም ናቸው፤ እስከ ክረምቱ መጨረሻ አይዘልቁም። እኔም ከዚያ በኋላ እዚህ ምን አደርጋለሁ? ይደርስልናል አይደል?»

«ይደርሳል» አልኳት።

ሳላስበው ወጣ። ከወጣ በኋላ ግን አልመለስኩትም።

ለዶክተር ተዋበች ደወልኩና ስለ ሣሩ ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችም፣ ከዚያ ወንበር የወደቀ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ እኔ ያሰብኩትን እሷም አሰበች።

«ሌላ በግ አምጪ» አልኳት።

«ያሉት በጎች ሁሉ አልሞት ባዩን የያዙ ናቸው፣ እትዬ ሶስና። የሚያጸዳቸው መድኃኒት የለም። ጠቦቶቹ እስኪደርሱ ሣሩ ላይ ያለው ያልቃል። ንጹሕ ሆድ ያላት…» አልጨረሰችውም። «የእርስዎ ናት። እኔ ላዝዝዎት አልችልም።»

«መርፌ፣ ምናምን ያስፈልጋል?»

«አያስፈልግም» አለች በጣም ቀስ ብላ። «ትብላው ብቻ።»

ጋሽ ያፌት ሳጥኑን በመቀስ አጨዱት። ሁሉንም፣ ከሥሩ፣ በሳህን ላይ እየከመሩ። በሬ ድረስ ይዘውት መጡና እጄ ላይ አኖሩት። «እኔ አልሰጣትም» አሉ። «ይቅር በዪኝ፣ እኔ አልችልም።» ገብተው በራቸውን ዘጉ።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። በጓ ሳልጠራት መጣች። ይህ በሕይወቷ የመጀመሪያ ሣሯ ነው። አሸተተችው፣ አፈገፈገች፣ እንደገና አሸተተች። አንድ ዘለላ ስባ አኘከች። ከዚያ እኔ በዚያ ቤት ውስጥ አይቼ በማላውቀው ሁኔታ በላች፤ ዐይኗን ጨፍና፣ ጅራቷን እያወዛወዘች፣ እየተጣደፈች። ሲያልቅ ሳህኑን ላሰች፣ ከዚያ መዳፌን ላሰች፣ የቀረ እንዳለ ጣቶቼን በአፍንጫዋ ገለጠች። ወደድኳት። ያኔ ነው እንደምወዳት ለራሴ የተናገርኩት፣ እዚያው ወለሉ ላይ፣ ባዶ ሳህን ይዤ። የዐይን ቆቧን ሳብኩ፤ የበሰለ ቲማቲም ነው። ከፋብሪካም ከቤትም እንደዚያ ያለ ጥርት ያለ ቀይ አላየሁም። ካርዱን ከመሳቢያው አወጣሁና በነበረበት ቦታ መልሼ ሰቀልኩት።

ሰኔ ማለቂያ ላይ ቆጣሪው እንቁላል አወጣ፤ ሁለተኛው ሲለካ እጥፍ ሆኖ ነበር። ዶክተሯ ተሳስታ ሁለት ጊዜ ደወለችልኝ፣ ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ ነገረችኝ። ፍጓን ከነእንቁላሉ መንዝ የሚያደርሰው መኪና ተዘጋጅቶ ነበር። በጓ ኮሪደር ላይ መሮጥ ትታለች። ድምፅ ማውጣቷንም ትታለች።

እትዬ ደወለች።

«ትልሽ ምን ደረሰ? ንገሪኝ እንጂ!»

«በጓ ነጣች» አልኳት።

እልል አለች። መንዝ ላይ ቆማ፣ ስልኩን ከአፏ ሳታርቅ፣ አንድ ጊዜ ጀምራ ትንፋሿ እስኪያልቅ እልል አለች። ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች ተቀበሏት። ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት፤ ሳሎኑ ሁሉ እልልታ ሆነ። በጓ ጆሮዋን አቆመችና መልሳ አወረደችው።

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ያፌት ናቸው፣ ኮት ለብሰዋል። ሁለት እጃቸውን ወደ ፊቴ ዘርግተው አሳዩኝ፤ መዳፋቸውን ገለበጡ፣ ኪሳቸውንም ወደ ውጭ ጎትተው አሳዩኝ። ምንም የለም።

«እሜቴን ልጠይቅ ነው» አሉ።

«ይግቡ» አልኳቸው።